የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ልትተርክ ትችላለች?

ጥያቄው የመጣው ከጎጃም፣ ከደምበጫ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። 240 ገጽ ነው። ተራኪዋ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ አረቄ አውጥታ ትሸጣለች። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደሄደ ቀርቷል። እናትየዋ ወንድ ልጅ ትወልዳለች። ከዚያ በኋላ ጠባይዋ ይለወጣል። በር ትቆልፋለች፤ ከራሷ ጋር ታወራለች። ሕፃኑ ክርስትና ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይሞታል። ልጅቷ ያን ቀን ቤት ውስጥ ነበረች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ልጅቷ አድጋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ነገሩንም ያኔ ትረዳዋለች። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ አራት ነገር አሉኝ። አንዷ ‹ልጅ እንዲህ አትናገርም፣ በሦስተኛ መደብ ጻፊው› አለችኝ። ሌላው ‹ልጅቷን አሥራ አራት ዓመት አድርጊያት› አለ። ‹እናትን አዋረድሽ› ያለኝም አለ። ‹በጣም ጨለመ፣ ትንሽ አብሪው› ያለችኝም አለች። የማንን ልስማ? ሁለት ምዕራፍ አያይዣለሁ።»

የማንንም አትስሚ። የተሰማቸው ነገር ልክ ነው፤ ያዘዙልሽ መድኃኒት ግን ልክ አይደለም። አንባቢ የት ላይ እንዳመመው ይናገራል። በሽታው ምን እንደሆነ ማወቅ ያንቺ ሥራ ነው።

«ልጅ እንዲህ አትናገርም» ከሚለው ልጀምር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ በድህነትና በብቸኝነት መካከል ተወጥራ የምትኖር ሴት ነበረች።» ይቺ ልጅቷ አይደለችም። ይቺ አንቺ ነሽ። ጓደኛሽን የጎረበጣት ይሄ ነው። በላክሻቸው ሁለት ምዕራፎች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሥራ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች ቆጥሬያለሁ። አሥራ ዘጠኙንም በእርሳስ ሰርዤ መልሼ አነበብኩት። ታሪኩ ምንም አልጎደለውም።

ያን ስትሸሺ ግን ሌላ ገደል እንዳትገቢ። የልጅ ተራኪ ማለት ኮልታፋ ተራኪ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ር»ን «ል» እያደረገ፣ በየገጹ ከረሜላ እያነሳ ይጽፋል። የሰባት ዓመት የደምበጫ ልጅ እኮ ሙሉ አማርኛ ነው የምትናገረው። ሽንኩርት ስትገዛ ትከራከራለች። በማርያም ትምላለች። ለቅሶ ቤት ሲገባ ምን እንደማይባል ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ቃል አይጎድላትም። የሚጎድላት «ስለምን» ነው። ምን እንደሆነ አይታለች፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ስለዚህ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ ያሸተተችውን፣ የተሸከመችውን ሁሉ ትናገር። መደምደም ግን አይፈቀድላትም። ከደመደመችም ትሳሳት።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» እንል የለ? አብዛኛውን ጊዜ የምንለው ለሽሙጥ ነው። አንቺ ግን ይህን ተረት የምትጽፊበት ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ለልጅ ሁለቱ አንድ ናቸው። በሩ ተዘግቷል፤ እሷ የለችም፤ አለቀ። እንዲህ ያለ ልቦለድ አንጀት የሚበላው፣ አንባቢው ሟቿን ከገበያተኛዋ ለይቶ ካወቀ በኋላ ልጅቷ ገና በር በሩን ስታይ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ስጦታ ሰጥቶሻል። አልተጠቀምሽበትም። እኛ የሰው ንግግር ስናወራ እንዳለ ነው የምናመጣው። «እመጣለሁ ብላ ሄደች» እንላለን። ቃሉ ከነተናጋሪዋ አፍ ይመጣል። ልጅ ደግሞ የትልቅ ሰው ቃል ሳይገባት፣ እንደ ዕቃ አንስታ ልታቀብለን ትችላለች። ትርጉሙን እንድታውቅ ማንም አያስገድዳትም። እስቲ አንድ ቁራጭ ልሞክርልሽ፦

«እታበባ ‹አንጀቴ ተቃጠለ› አለች። ውሃ ቀዳሁላት። አልጠጣችም። ወደ እንስራው መለስኩት። ክዳኑን ከደንኩት፣ ዝንብ እንዳይገባ።»

በቃ። ከዚህ በኋላ «እናቴ በጣም አዝና ነበር» የሚል መስመር ከጨመርሽ ውሃውን በአንባቢው ላይ ደፋሽበት ማለት ነው። «እግዜር ወሰደው» ሲባል «በየት በኩል?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። «ሆድ ባሰኝ» ሲባል የእናቷን ሆድ ልታይ ትችላለች። ግን ይህን ዘዴ በመጽሐፉ ሙሉ ከሦስት ጊዜ በላይ አትጠቀሚበት። አራተኛው ላይ ቀልድ ይሆናል። አምስተኛው ላይ አንባቢው አንቺን ከመጋረጃው ጀርባ ያይሻል።

በነገራችን ላይ፣ ልጅቷ እናቷን «እታበባ» ማለቷን፣ «እማ» የምትለው አያቷን መሆኑን ወድጄዋለሁ። አያት ቤት ያደገ ልጅ እናቱን እንደ ታላቅ እህት ሲጠራ ማን ያላየ አለ? አዲስ አበባ ያለ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ግር ይለው ይሆናል። ይበለው። አንድ ገጽ ሲሄድ ይገባዋል። የግርጌ ማስታወሻ እንዳታስገቢ።

ሌላም ያልነካሽው ነገር አለ። አንቱታ። ማታ ማታ የሚመጡት ባሻ ምን እንደሆኑ ለማስረዳት አንድ ገጽ ተኩል ጨርሰሻል። ልጅቷ በቀዳዳ እንድታይ፣ እንድትሰማ፣ እንድትደነግጥ አድርገሻል። ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። የጎጃም ልጅ ማን አንቱ እንደሚባልና ማን አንተ እንደሚባል በሰባት ዓመቷ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስትሳሳት በኩርኩም ነው የተማረችው። ስለዚህ እንዲህ ትበል፦ «ባሻ በር ላይ ሲሆኑ እታበባ አንቱ ትላቸዋለች። ጓዳ ሲገቡ አንተ ትለዋለች። እኔ ብሆን እመታ ነበር።» ሦስት ዓረፍተ ነገር። ልጅቷ የምታማርረው ስለ ሥርዓት መጓደል ነው። አንባቢው የሚሰማው ሌላ ነው። ይህን አንተና አንቱ በማይለይ ቋንቋ ብትጽፊው ኖሮ በእንዲህ ያለ ቅለት አይሆንልሽም ነበር።

ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብሽም። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉበት አገር ልጅ ነሽ። ሰው ሁሉ ስለ ቅኔ ሲያወራ «ሰምና ወርቅ» ይላል። ያንቺ መጽሐፍ ግን ሰምና ወርቅ አይደለም። በሰምና ወርቅ ሁለቱም ጎን ለጎን ቀርበው ይታያሉ። ያንቺ ውስጠ ወይራ ነው። ከላይ ቅርፊቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወርቁ ተሰውሯል። ልዩነቱ፣ ባለ ቅኔው ወርቁን እያወቀ ይሰውረዋል፤ ልጅቷ ግን የያዘችውን አታውቅም። አዋቂዋ አንቺ ነሽ። ሕፃኑ እንዴት እንደሞተ ደቂቃ በደቂቃ ማወቅ አለብሽ። ሁለቱን ምዕራፍ ሳነብ አንቺም የምታውቂው አልመሰለኝም። ልጅቷ ያላወቀችው ነገር ምስጢር ነው። ጸሐፊዋ ያላወቀችው ነገር ግን ጭጋግ ነው፤ አንባቢ ደግሞ ሁለቱን ይለያል።

አሁን ወደ አማራጮቹ። ሦስተኛ መደብ መጥፎ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ቤት ሁሉ በሦስተኛ መደብ ዞረው አሳይተውናል። ወላጆቹ የተሳሉት ስለት በዛብህን ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው የምናየው፣ ተራኪው ከሁሉም በላይ ሆኖ ሁሉንም ስለሚያይ ነው። ታሪኩ የእናትየዋ ቢሆን ኖሮ እኔም «በሦስተኛ መደብ ጻፊው» እልሽ ነበር። ያንቺ ታሪክ ግን የልጅቷ ነው። የሆነው ነገር እናቷ ላይ ነው የሆነው፤ የቀረው ግን ልጅቷ ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና አርትዖት ስጀምር፣ አንድ ልጅ እግር ጸሐፊ እንዲህ ያለ ረቂቅ አምጥቶልኝ «ወደ ሦስተኛ መደብ መልሰው» አልኩት። መለሰው። ንጹሕ፣ የተስተካከለ፣ የሞተ መጽሐፍ ሆነ። ረቂቁን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። እሱ ዛሬም ሰላም ይለኛል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

አሥራ አራት ዓመት? እሱ ሌላ መጽሐፍ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይገባታል። ስለሚገባት አንባቢው «ለምን ዝም አለች? ለምን ጎረቤት አልጠራችም?» ብሎ ይይዛታል። ታሪኩ የጥፋተኝነት ታሪክ ይሆናል። ጥሩ ልቦለድ ሊወጣው ይችላል፤ አንቺ የጻፍሽው ግን እሱን አይደለም።

ሰባት ዓመት ደግሞ ዝም ብሎ የተጣለ ቁጥር እንዳይመስልሽ። አንቺ ሳታስቢው ይሆናል የመረጥሽው፤ ግን ትክክለኛው ዕድሜ ነው። ሰባት ዓመት ልጅ ጾም የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። «ከአሁን በኋላ ኃጢአትሽ ባንቺ ነው» የሚባልበት። እናትየዋ ያለችው በአራስነት ነው። አራስ አትጾምም። እንግዲህ የሕፃኑን አርባ ቀን ከሁዳዴ ጋር ብታጋጥሚው ምን እንደሚሆን እዪ። ቤቱ ውስጥ ለአራሷ የመጣ ወተት አለ። ልጅቷ የመጀመሪያ ጾሟን ይዛለች። ርቧታል። አንድ ዓርብ ከወተቱ ትቀምሳለች። ሕፃኑ በዚያው ቀን ይሞታል። ለልጅቷ ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም፤ ወንድሟን የገደለው ያቺ ጉንጭ ወተት ናት። ለማንም አትናገርም። አንባቢው ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱም ሊነግራት አይችልም።

ይህን ካደረግሽ የጨለማውን ጥያቄ ግማሹን መለስሽ። የቀረውን ግማሽ ደግሞ እነሆ። ጨለማ በደም አይለካም። የሕፃኑን ሞት በአራት ገጽ ጽፈሽዋል። ልጅቷ ቆማ ታያለች፣ ትጮኻለች፣ እናቷ ትስቃለች። አላመንኩሽም። የሚያስፈራውን ነገር ፊት ለፊት ስታሳዪኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጎኑ ያለውን ነገር ስታሳዪኝ ግን ማየት አልተውም።

ጎኑ ያለው ምንድን ነው? አረቄው። አንቺ አረቄ ቤት ያደግሽ ትመስያለሽ፤ የምታውቂውን ግን ለጌጥ ብቻ አስገብተሽዋል። ድፍድፉ እሳት ላይ ነው። የእንስራው አፍ በሊጥ ተመርጓል። አረቄው በመቃው እየወረደ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበዛ ይገነፍላል፣ ከቀዘቀዘ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሰው እሳቱ ሥር ቁጭ ማለት አለበት። ልጅቷን እዚያ አስቀምጫት። «እሳቱን እንዳታጠፊ፣ እንዳታበዢ» ተብላለች። ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ከዚያ አያለቅስም። ልጅቷ ጠብታ ትቆጥራለች። አንድ ጠርሙስ ይሞላል። ሁለተኛው ይሞላል። እታበባ ትወጣለች። ከአረቄው በጣቷ ነክራ እሳት ላይ ትረጫለች፤ ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል። «ጥሩ ወጥቷል» ትላለች። በዚያ ቀን ስንት ጠርሙስ እንደወጣ ልጅቷ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ አትረሳም። ስለ ሌላው ነገር አንድ ቃል አትጻፊ። አራቱ ገጽ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ያ አንዱ ነው።

«እናትን አዋረድሽ» ላለሽ ሰው ብዙ አትጨነቂ፤ ግን ከየት እንደመጣ እወቂው። እኛ የወለደች እናት ክፉ ስትሆን ማየት አንችልም። ተረቶቻችንን እዪ። ልጅ የሚራብበት፣ የሚገፋበት ተረት ሞልቷል፤ ጥፋቱ ሁሉ ግን የእንጀራ እናት ላይ ነው የሚወድቀው። ክፉዋን እናት አውጥተን፣ ሌላ ስም ሰጥተን፣ ከቤት አባረናታል። እሹሩሩን ራሱን ልብ ብለሽ ስሚው። ሕፃኑን የምታባብለው እናቱ አይደለችም። እናቱ የለችም፤ ቶሎ እንድትመጣለት ነው የሚዘፈነው። የእናት አለመኖር ከልጅነታችን ጀምሮ ያስተኛን ዜማ ነው። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛም ከማሕፀን ሆኖ «አልወለድም» የሚል ልጅ ለእናቱ ሲያናግር ጽፏል፤ ያኔም ሰው ደንግጧል። እናትየዋን የእንጀራ እናት አድርገሽ ለማምለጥ እንዳትሞክሪ። ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፤ መጽሐፉም በዚያው ያልቃል።

ይልቅ ያ ሰውዬ ያላየልሽን እኔ አይቻለሁ። በአገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም። ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ብረት ከአጠገቧ ይደረጋል። አንደኛው ምዕራፍሽ ላይ ገንፎው አለ፤ ቅቤው በርበሬው ሁሉ በደንብ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ የት ሄዱ? አልነገርሽንም። ልጅቷ ትቁጠራቸው። መቁጠር ትችላለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሴት ገንፎ በላች። በሳምንቱ አራት መጡ። በአሥራ አምስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆማ «ደህና ናችሁ?» ብላ ሄደች። ከዚያ ማንም የለም። ልጅቷ ደስ ይላታል እንዲያውም፤ ማንኪያ ማጠብ ቀረላት። እንግዲህ ማን ነው የተዋረደው? እናትየዋ አይደለችም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከሥነ ጽሑፉ ይልቅ እውነቱን የሚመለከቱ ናቸው።

አንደኛው ስለ ሕመሟ። ደብዳቤሽ ላይ «ጠባይዋ ይለወጣል» ብለሻል። የገለጽሽው ነገር ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ከአንድ ሺህ ወላዶች አንድ ሁለቷን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ነገር ይምታታል፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል። ከተለመደው የአራስ ሐዘንና ድባቴ ይለያል፤ ድባቴው ከዚህ ይልቅ በጣም ብዙ እናቶችን ይይዛል። አብዛኞቹ ታማሚ እናቶች ልጃቸውን አይጎዱም፤ ሕክምና ካገኙ ደግሞ ይድናሉ። ይህን አንቺ እወቂው፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን ማንም አይናገረው። ሰፈሩ ቡዳ ይበል፣ ዓይነ ጥላ ይበል፣ ጸበል ውሰዷት ይበል። ሕመሟ የጀመረው በሠላሳኛው ቀን አድርገሽዋል፤ ወደ ፊት አምጪው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይጀምር። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለም፦ አጠገባችሁ ያለች አራስ እንዲህ ከሆነች ልቦለድ አይደለም፤ ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷት።

ሁለተኛው ስለ ሕጉ። ፖሊሱ እናትየዋን «በስቅላት ነው የምትቀጪው» ይላታል። ጎረቤት ቢለው እሺ፤ ፖሊስ አይበለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 544 አለው። እናት በምጥ ላይ እያለች ወይም የምጡ ቀጥተኛ ውጤት ሳይለቃት ሕፃኗን ብትገድል፣ የምትጠየቀው በዚህ አንቀጽ ነው፤ ቅጣቱም ከተራው የነፍስ ግድያ እጅግ የቀለለ ነው። ሠላሳ ምናምን ቀን ላይ አንቀጹ ይሠራል አይሠራም የሚለው ለዳኛው ነው። የአእምሮዋ ሁኔታም ራሱን ችሎ ይታያል። እኔ ብሆን የፖሊሱን ትዕይንት በሙሉ አወጣው ነበር። ልጅቷ ከዚያ የምታስታውሰው የፖሊሱን ጫማ ብቻ ነው።

ታሪኩ ከምታውቂው ቤት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ። ደምበጫ ትልቅ ከተማ አይደለችም። አረቄ ቤቱ መንገዱ ዳር ነው ካልሽ፣ ከበሩ ላይ ባሕር ዛፍ አለ ካልሽ፣ ሰው በጣቱ ይጠቁማል። ያቺ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ይሆናል። ቤቱን ወደ ሌላ ሰፈር አዙሪው፤ ባሻን ሌላ መልክ ስጪያቸው። ልጅቷን በሕይወት ካለች ሳታነጋግሪ እንዳታሳትሚ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች አላነበብኳቸውም፤ ግን አውጫቸው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ግን…» የምትልበትን መጽሐፍ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ሁላችንም አንብበነዋል። ያቺ «አሁን ግን» የምትል ቃል ከኋላ ተነስታ ሙሉውን መጽሐፍ ታበርደዋለች። ተስፋ የምትፈልግ ጓደኛሽ ተስፋውን ራሷ ትፈልገው። ልጅቷ መናገሯ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀኑንም ልጅቷ በወርና በቁጥር አትጥራው። «የካቲት 16» አትልም። «ኪዳነ ምሕረት» ትላለች። «የሚካኤል ማግስት» ትላለች። የሕፃኑን አርባ ቀን ደግሞ በባቄላ ትቁጠረው፤ በየማታው አንድ ባቄላ ቅል ውስጥ። ባቄላው አርባ ሳይሞላ ሲቀር አንባቢው ቅሉን ሲያስብ ይኖራል። ቀበልኛ ቃልም አታብዢ። ቃናውን ከያዝሽ ቃሉ ጥቂት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስለ አንድ ሌሊት ታወራለች። ዝናብ ነበር፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እታበባ በጨለማ ቁጭ ብላለች። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «አንተ ያኔ ተኝተህ ነበር።» ከጎኑ በቀይ «ስሕተት፣ ይስተካከል» ብለሽ ጽፈሻል። «እሱ ተኝቶ ነበር» ልትዪ ፈልገሽ ነው መሰለኝ።

እንዳታስተካክዪው። ከላክሽልኝ ገጾች ሁሉ የሚበልጠው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው። አማርኛ ሰሚ ሳይኖረው አይናገርም፤ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ፣ አንቱ ነዎት ብሎ ይለያል። እስካሁን ልጅቷ ለማን እንደምታወራ አላወቅሽም ነበር። ለዚህ ነው አንዳንዴ እንደ ጋዜጠኛ፣ አንዳንዴ እንደ መምህር የምትናገረው። ለወንድሟ ነው የምታወራው። እሱ ተኝቶ ሳለ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ እየነገረችው ነው። ለሕፃን ሲወራ ደግሞ አይደመደምም፣ አይተነተንም፤ አሥራ ዘጠኙ ዓረፍተ ነገሮች ራሳቸው ይረግፋሉ። ወተቷንም ለእሱ ብቻ ትናዘዝለታለች።

ይህን ግን እንደ ወጥመድ ደብቀሽ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዳታፈነጂው። በአሥረኛው ገጽ አካባቢ አንባቢው ሕፃኑ በሕይወት እንደሌለ ይወቅ። ልጅቷም ታውቃለች። የሰባት ዓመት ልጅ የሞተ እንደማይመለስ ታውቃለች፤ ሁልጊዜ ግን አታስታውሰውም። ስለዚህ አልፎ አልፎ «ስትነሳ አሳይሃለሁ» ትበለው።

ተራኪዋም ትቆይ፣ ዕድሜዋም ሰባት ይሁን። 240ው ገጽ 150 ቢሆን አይገርመኝም። ፋይሉን ዝጊና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከባዶ ወረቀት ጀምሪው፣ ለእሱ እያወራሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የሚሰናከልበት ቦታ ሁሉ አንቺ የተናገርሽበት ነው። ከዚያ ላኪልኝ።